ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን በተቀመጥንበት አንድ ማታ፣ በመኝታ ክፍላችን ስለ አዳም ስሚዝ ክርክር ተነሣ። ከአልጋዬ በላይ የሚተኛው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለ ሥራ ክፍፍል ያነበበውን ሲያስረዳን ቆይቶ፣ ከመካከላችን አንዱ በድንገት «ለመሆኑ ይኼ ስሚዝ የሚሉት ስም ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። መዝገበ ቃላት የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ ገልጬ አየሁና «ቀጥቃጭ» አልኩ። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። «አዳም ቀጥቃጩ!» አለ አንዱ። «እንግዲያው የካፒታሊዝም አባት ቡዳ ነዋ!» አለ ሌላው። እኔም አብሬ ሣቅሁ። የእናቴ አባት ቀጥቃጭ እንደነበረ ግን አልተናገርኩም።

ከዚያ ማታ ወዲህ ነገሩ አልለቅ አለኝ። ከፈተና በተረፈኝ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ስለዚህ ስም የተጻፈውን ስለቃቅም ከረምኩ። የከነከነኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ በእኛ አገር ሰው የሚደብቀው ሙያ በእንግሊዝ አገር ከቤተሰብ ስሞች ሁሉ በቁጥር አንደኛ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? እንግሊዞች ቀጥቃጭ በዝቶላቸው ይሆን? ወይስ ቀጥቃጩን ከእኛ ይልቅ አክብረውት? ሁለቱም መልሶች ሲያዩዋቸው ቀላል ናቸው፤ ሲመረምሯቸው ግን አይቆሙም። (የውጭውን ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር ጽፌአለሁና አንባቢ ልብ ይበል።)

ከቃሉ እንጀምር። «ስሚዝ» የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው። ጀርመኑ «ሽሚት»፣ ሆላንዱ «ስሚት»፣ ስዊድኑ «ስሜድ» ይለዋል፤ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው «መታ» የሚል ትርጉም ካለው «ስማይት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ የወጣ ይመስለዋል። መዶሻና መስፍ ለሚያስብ ሰው ነገሩ እውነት ይመስላል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን አይቀበሉትም። ሥሩ ከመምታት ይልቅ በስለት መቅረጽን፣ ማበጀትን የሚያመለክት ነው ይላሉ፤ ግሪኮች መቅረጫ መሣሪያን «ስሚሌ» የሚሉትም ከዚሁ የራቀ አይደለም። በጥንቱ የኖርዌይና የአይስላንድ ቋንቋ እንጨት ሠሪው ሳይቀር በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። ስለዚህ መዝገበ ቃላቴ «ቀጥቃጭ» ቢለውም፣ የቃሉ የጥንት ስሜት ሽማግሌዎቻችን «ባለ እጅ» ሲሉ ከሚያስቡት ጋር የሚቀራረብ ነው። እያደር ግን ትርጉሙ ጠበበና በእሳትና በብረት ለሚሠራው ሰው ቀረ።

ይህ ሰው በእንግሊዝ የጥንት ኅብረተሰብ ውስጥ ምን ቦታ ነበረው? የዌሴክስ ንጉሥ ኢን በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባወጣው ሕግ ውስጥ የምታስገርም አንቀጽ አለች። አንድ መኰንን መሬቱን ለቆ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄድ ይዟቸው እንዲሄድ የሚፈቀድለት ሦስት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ምስለኔው፣ ቀጥቃጩና የልጆቹ ሞግዚት። ገበሬው ከመሬቱ ጋር ይቀራል፤ ቀጥቃጩ ግን ከጌታው ጋር ይሄዳል። ይህ ክብር ነው ወይስ ንብረትነት? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ነው። ያለ እሱ መኖር የማይቻል ሰው ሁልጊዜ ነፃ ሰው ነው ማለት አይደለም። ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ ከ20 ዓመት በኋላ በ1086 በተጻፈው ትልቁ የመሬት መዝገብ ውስጥ ደግሞ በሄርፎርድ ከተማ ስድስት ቀጥቃጮች ተመዝግበዋል፤ እያንዳንዳቸው ለምድጃቸው አንድ ፔኒ ይከፍላሉ፣ ከንጉሡም ብረት 120 የፈረስ ጫማ ይሠራሉ። ንጉሡ ፈረሰኛ ያለ ቀጥቃጭ እንደማይዘምት አውቋል ማለት ነው።

ስለ ቀጥቃጩ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ ያሣቀኝ ግን ኤልፍሪክ የተባለ መነኩሴ በ1000 ዓመት አካባቢ ተማሪዎቹን ላቲን ለማስተማር የጻፈው የምልልስ መጽሐፍ ነው። አራሹ፣ እረኛው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ነጋዴው በየተራ ሥራቸውን ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ሙያ የትኛው ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ቀጥቃጩ ይነሣና አራሹ ማረሻውን፣ ዓሣ አጥማጁ መንጠቆውን፣ ጫማ ሰፊው ወስፌውን፣ ልብስ ሰፊው መርፌውን ከእኔ ካልሆነ ከወዴት ያገኘዋል? ብሎ ይሟገታል። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አራሹ እንኳ የሚበላና የሚጠጣ ይሰጠናል፤ አንተ ከሱቅህ ውስጥ ከእሳት ፍንጣሪ፣ ከመዶሻ ጩኸትና ከወናፍ ንፋስ በቀር ምን ትሰጠናለህ? ይሉታል። ክርክሩን የሚዳኘው ጠቢብም ከዓለማዊ ሙያዎች ሁሉ ቅድሚያውን ለእርሻ ይሰጣል። እንግዲህ ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገርም «ጩኸታም» እየተባለ ይሰደብ ነበር ማለት ነው።

ፍርሃቱም ነበረ። ዌላንድ የሚባል ቀጥቃጭ በተረታቸው አለ። ንጉሡ ጥበቡን ለራሱ ብቻ ለማድረግ ፈልጎ እንዳያመልጥ የእግሩን ጅማት አስቆርጦ በእስር ያሠራዋል፤ ቀጥቃጩ ግን የንጉሡን ወንዶች ልጆች ገድሎ በራስ ቅላቸው ዋንጫ ሠርቶ ለአባታቸው ይልክለትና ያመልጣል። በ8ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዓሣ ነባሪ አጥንት ተቀርጾ ዛሬ ለንደን ብሪትሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ሣጥን ላይ ይኸው ተረት ተቀርጿል። በደቡብ እንግሊዝ ደግሞ «የዌላንድ የብረት ቤት» የሚባል የጥንት ድንጋይ መቃብር አለ። መንገደኛ ፈረሱንና አንድ ሳንቲም ትቶ ዘወር ካለ፣ ሲመለስ ፈረሱ ጫማ ተመቶለት ያገኘዋል፤ ሠሪውን ግን ማንም አያየውም ይባል ነበር። በእሳት ድንጋይን ወደ ብረት፣ ብረትን ወደ ስለት የሚለውጥ ሰው በየትም አገር እንዲያው ሰው ብቻ ሆኖ አልታየም። የእኛው ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል፣ የነሱ ደግሞ የማይታይ መንፈስ ሆነ። ስለዚህ እንግሊዞች ቀጥቃጩን ያከብሩ ስለነበር ስሙ በዛ የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። ከእኛ አንድ ነገር ይለያቸው ነበር፤ ቀጥቃጩን እንደ ተለየ ዘር አላዩትም። ልጁን ለአራሹ ልጅ ከመዳር አልተከለከለም። ይህንን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። በጥንት ጊዜ እንግሊዞችም እንደኛ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው። ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ግን ነገር ተበላሸ፤ ሕዝቡ የድሮ ስሞቹን እየተወ የገዢዎቹን ስም ለልጆቹ ያወጣ ጀመር። ጆን፣ ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ፣ ቶማስ! በአንድ መንደር ውስጥ አምስት ጆን ካለ «ጆን በሬ ሰረቀ» ቢባል የትኛው ጆን? ስለዚህ ሰው መለያ ይጨምርበታል። ሊቃውንቱ እነዚህን መለያዎች በአራት ይከፍሏቸዋል፦ የአባት ስም፣ የሚኖርበት ወይም የመጣበት ስፍራ፣ ቅጽል ስም፣ እና ሥራ። የሮበርት ልጅ ሮበርትሰን፣ ኮረብታው ሥር የሚኖረው ሂል፣ ጠይሙ ብራውን፣ ብረት የሚመታው ስሚዝ ይሆናል። እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ የጥንቱ የሚባለው ስሚዝ በ975 አካባቢ በሰሜን እንግሊዝ በደራም የተጻፈው ኤክያርድ ስሚዝ ነው። ለሱ ግን ይህ ስም የሥራው መጠሪያ እንጂ ለልጁ የሚያልፍ ርስት አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው መልስ፣ ማለትም «ቀጥቃጭ በዝቶላቸው ነው» የሚለው፣ የሚገለበጠው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ከሕዝቡ አብዛኛው አራሽ ነበር። ታዲያ የቤተሰብ ስም የሥራ ብዛት መልክ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንግሊዝ በሙሉ «አራሽ» በተባለ ነበር። «ፕላውማን» የሚባል ስም አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ለምን? ሁሉም አራሽ በሆነበት መንደር «አራሹ ጆን» ማለት ማንንም ከማንም አይለይማ! ቀጥቃጩ ግን በመንደሩ አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። «ቀጥቃጩ ጆን» ከተባለ ሕፃን ልጅም ማን እንደሆነ ያውቀዋል። ስሚዝ በቁጥር የበዛው ቀጥቃጮች ስለበዙ ሳይሆን በየመንደሩ አንዳንድ ብቻ ስለነበሩ ነው። መንደሩ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ነው። ልብሰ ሰፊው ቴይለር፣ ጋጋሪው ቤከር፣ ወፍጮ ባለቤቱ ሚለር የበዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ንባብ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ስም ብዙኃኑን አይቆጥርም፣ ከብዙኃኑ የተለየውን ነው የሚያመለክተው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከተማ ውስጥ ቀጥቃጭ ብዙ ስለሆነ «ስሚዝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ስለዚህ የቀስት ጫፍ የሚሠራው አሮውስሚዝ፣ ቢላዋ የሚሠራው ናይስሚዝ፣ ማጭድ የሚሠራው ሲክስስሚዝ፣ ወርቅ አንጥረኛው ጎልድስሚዝ ተባለ። ሲክስስሚዝ የሚለውን ሳነብ «ስድስት ቀጥቃጮች» ማለት መስሎኝ ነበር፤ ለካ «ሲክል» የሚለው የማጭድ ስም አፍ ላይ ተሰባብሮ ነው! እነዚህ ግን ከተራው ስሚዝ ጋር ሲተያዩ እፍኝ አይሞሉም። ያሸነፈው ማረሻም፣ ማጭድም፣ ምስማርም፣ የፈረስ ጫማም እንደመጣለት የሚሠራው የገጠሩ ቀጥቃጭ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ የሥራ መጠሪያ መቼ ደረቀ የሚለው ነው። ስሙ የረጋው መጀመሪያ በባለርስቶች ዘንድ ነው፤ ርስቱን ለልጁ የሚያወርስ መኰንን የርስቱን ስም አብሮ ማውረሱ ጥቅሙ ነበር። ወደ ተራው ሕዝብ የወረደው በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ወደ 1400 ገደማ በአብዛኛው እንግሊዝ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ይዟል፤ ሰሜኑ ትንሽ ዘግይቷል። ማን አወጀው? ማንም አላወጀውም። ሥራውን የሠራው ወረቀት ነው። ጭሰኛው መሬት ሲይዝ፣ ሲሞት፣ ልጁ ሲተካ፣ በጌታው ችሎት ሲቀጣ ጸሐፊው ይጽፈዋል። በዚያ ላይ በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። ግብር ሰብሳቢው በየመንደሩ ዞሮ ስም ጻፈ። ይህ ግብር ነው የ1381ዱን ታላቅ የገበሬዎች አመፅ የለኮሰው። ገበሬው ባመፀባቸው ቦታዎች መዝገቦችን እየፈለገ ያቃጥል ነበር፤ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ለምን እንደሚያገለግል ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገውም።

ጸሐፊዎቹ በላቲን ስለሚጽፉ ቀጥቃጩን «ፋቤር» ይሉታል፤ መንደርተኛው ግን በአፉ «ስሚዝ» ነው የሚለው። በ1379ኙ የዮርክሻየር የግብር መዝገብ ስሙ ስሚዝ፣ ሥራውም ቀጥቃጭ ተብሎ የተጻፈ ሰው ይገኛል፤ ስሙ ሌላ ሥራው ሌላ የሆነም ይገኛል። ስሙ ከሥራው የተላቀቀው በዚህ ጊዜ ነው። አያትየው ብረት ይመታል፣ አባትየው ብረት ይመታል፣ ልጅየው ወደ ከተማ ሄዶ ዳቦ ይጋግራል፤ ስሙ ግን ስሚዝ ሆኖ ይቀራል። በ1413 የወጣ ሕግ በክስ ወረቀት ላይ የተከሳሹ ሥራና መኖሪያ ከስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ አዘዘ። ስሙ ብቻውን ሥራውን ቢነግር ኖሮ እንዲህ ያለ ሕግ ምን ያደርግ ነበር? በ1538 ቶማስ ክሮምዌል በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘገብ ሲያዝ ደግሞ የረጋው ስም ጨርሶ ተቸነከረ።

እስካሁን ያወራሁት ስሙን ከሥራው ስላገኙ ሰዎች ነው። ግማሹ ታሪክ ግን ስሙን በሌላ መንገድ ያገኙት ሰዎች ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ሣቁ ይቀራል። በ1465 በእንግሊዝ ንጉሥ በኤድዋርድ አራተኛ ዘመን የአየርላንድ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። በደብሊን ዙሪያ በእንግሊዝ ግዛት ሥር የሚኖር አየርላንዳዊ ሁሉ እንደ እንግሊዝ እንዲለብስ፣ የእንግሊዝም ስም እንዲይዝ ታዘዘ። ምን ዓይነት ስም? የከተማ ስም፣ ወይም እንደ ነጭና ጥቁር ያለ የቀለም ስም፣ ወይም የሙያ ስም። ሕጉ ለሙያ ስም ምሳሌ አድርጎ ከጠቀሳቸው ሁለቱ አንዱ ስሚዝ ነው፤ ሌላው አናጢ። ንጉሡ ለተገዢው «ከፈለግህ ቀጥቃጭ ተባል» ማለቱ ነው። በአየርላንድ ቋንቋ «ማክ ጋወን» ማለት የቀጥቃጭ ልጅ ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ብዙ ማክ ጋወኖች በተለይ በካቫን አውራጃ ተተርጉመው ስሚዝ ሆኑ። እዚያ ስሚዝ የተባለ ሰው ደሙ ከእንግሊዝ ቀጥቃጭ አይደለም፤ ስሙ የተተረጎመ ሰው ነው።

ከዚያ አሜሪካ። በ1865 ባርነት በአሜሪካ ሲቀር፣ ነፃ የወጡት ሰዎች በመዝገብ ላይ የቤተሰብ ስም ማስጻፍ ነበረባቸው። ብዙዎቹ በባርነት ጊዜም በመካከላቸው የሚጠራሩበት ስም ነበራቸው፤ ጌታው ነው የማይጽፍላቸው። አንዳንዱ የቀድሞ ጌታውን ስም ያዘ፣ አንዳንዱ ያንን ስም መስማት ስላልፈለገ ሌላ መረጠ። ስሚዝ የተባሉትም እጅግ ብዙ ናቸው። በ2010 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ስሚዝ የተባለው ሰው ቁጥር 2,442,977 ነበር፤ በአገሩ አንደኛ። ከነዚህ ውስጥ 23 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። የጀርመን ሽሚቶችም አሉበት፤ በተለይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመናዊ መሆን ሲያስጠላ ብዙው ሽሚት ስሚዝ ተብሎ አደረ። (የኒው ዮርክ ወደብ ሹማምንት የስደተኛውን ስም በገዛ እጃቸው ይለውጡ ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ ዝርዝሩ መርከቡ ከተነሣበት ወደብ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ስሙን የሚለውጠው ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ፣ እዚያው ከገባ በኋላ ነው።)

በእንግሊዝ ራሷስ? በ1853 የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ባደረገው ግምት 253,600 ስሚዞች ነበሩ፤ ከ73 ሰው አንዱ ማለት ነው። ጆንስ የሚባሉት 242,100 ሆነው በቅርብ ይከተሏቸው ነበር፤ ጆንስ ግን የዌልስ ጉልበት ነው። ዛሬ በብሪታንያ ስሚዞች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በእንግሊዝም በስኮትላንድም በአውስትራሊያም አንደኛነታቸውን ይዘዋል። ይህን ሁሉ ሕዝብ ዘመዳማች አድርጎ የሚያስብ ካለ፣ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2009 ያወጡትን ጥናት ይመልከት። 40 የቤተሰብ ስሞች ያሏቸውን 1,678 ወንዶች፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚያልፈውን የዘር ምልክት መረመሩ። አተንቦሮ የመሰሉት ብርቅ ስሞች ባለቤቶች በአብዛኛው የአንድ አባት ዘር ሆነው ተገኙ። ስሚዞች ግን እርስ በርሳቸው የሚዛመዱት ከመንገድ ላይ እንደተለቀሙ ሰዎች ያህል ብቻ ነው። አንድ ስም፣ ሺህ አባት። በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ስለነበረ ከየመንደሩ አንድ ስሚዝ ወጣ፤ እንዲሁ ነው የሆነው።

የሚያስቀው ነገር ደግሞ ጆንን ከሌሎቹ ጆኖች ለመለየት የወጣው መለያ ዛሬ ማንንም የማይለይ መሆኑ ነው። እንግሊዝ «ጆን ስሚዝ» ሲል እኛ «እገሌ» እንደምንለው ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ መንግሥት ሰውነቱን ሊነጥቀው የሚታገለውን ጀግና ዊንስተን ስሚዝ ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ዊንስተን የሚለው የገዢ ስም ነው፣ ስሚዝ ደግሞ የማንም ስም። አዳም ስሚዝም ቢሆን ከቀጥቃጭ ጋር የነበረው ዝምድና ስሙ ላይ ብቻ ነው፤ አባቱ በስኮትላንድ የከርኮዲ ጉምሩክ ሹም ነበር። ግን ለዚያ ለኢኮኖሚክስ ተማሪያችን አንድ ነገር ልጠቁመው። በ1776 በወጣው መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ስለ ቀጥቃጭ ጽፏል። ምስማር መሥራት ያለመደ ተራ ቀጥቃጭ በቀን ቢበዛ ሁለትና ሦስት መቶ፣ እሱም መጥፎ ምስማር ይሠራል፤ ሌላ ሥራ የማያውቁ ምስማር ሠሪ ጎረምሶች ግን በቀን ከ2,300 በላይ ሲሠሩ አይቻለሁ ይላል። የስሙን ባለቤት ከሥራ የሚያስወጣውን ዘመን በስሙ ሞክሼ እጅ ተጽፎ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! ዛሬ ከነዚያ ግማሽ ሚሊዮን ስሚዞች ውስጥ ብረት የሚመታ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

በሌላውም አገር ቀጥቃጩ ስሙን ትቶ ነው የሄደው። ሩሲያው ኩዝኔትሶቭ፣ ሀንጋሪው ኮቫች፣ ፖላንዱ ኮቫልስኪ፣ ፈረንሳዩ ሌፌቭር፣ ዓረቡ ሐዳድ፤ ፌራሪ የሚባለውን የጣሊያን መኪና ስናደንቅም የምናደንቀው የቀጥቃጮችን ስም ነው። እኛ ዘንድ ግን ይህ አልሆነም። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ልጅ የአባቱን ስም ያስከትላል፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ይለወጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ሕጉ ተጻፈ፤ ሰዉ ግን በለመደው ቀጠለ።

ሁለተኛው ምክንያት ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። እኛ አገር «ቀጥቃጩ» የሚለው ቃል አንዱን ከበደ ከሌላው ከበደ ለመለየት አልዋለም፤ ሰውየውን ከሰው ለመለየት ነው የዋለው። ማረሻው ይፈለጋል፣ እጁ ግን ይፈራል። ከሱ ጋር መጋባት አይታሰብም፤ ልጅ የታመመ እንደሆነ ዓይን ወደሱ ቤት ይዞራል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ እንዲህ ተብሎ መነገር ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል እንደነበረ ይመሰክራል። እንግዲህ ያ የ1952ቱ ሕግ በእርግጥ ተፈጽሞ፣ መዝጋቢው መንደራችን ድረስ መጥቶ «የቤተሰብ ስም?» ብሎ አያቴን ቢጠይቀው ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ። ኤክያርድ «ስሚዝ» ተብሎ ተጻፈ፤ አያቴ ግን የትኛውንም ስም ይመርጥ ነበር እንጂ ያንን አይመርጥም።

አያቴን የማስታውሰው በወናፉ ድምፅ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ማረሻውን ለማስላት ገበሬው ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋል፤ ዋጋውን በእህል ይከፍላል፤ ቡና ሲቀርብለት ግን ቸኩያለሁ ብሎ ይሄዳል። እናቴ ትዳር ይዛ ወደ ከተማ ስትገባ የሠፈር ሰው «አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ጠይቋት «ገበሬ ነበሩ» አለች፤ ዛሬም እንደዚያው ትላለች። እኔም ያን ማታ ቤቱ ሁሉ ሲሥቅ አብሬ ሣቅሁ። ይህን ጽሑፍ ለእናቴ ገና አላነበብኩላትም።